የተረኛዋ ወተት

በ1974 ዓ.ም.፣ በነሐሴ ወር፣ ከሐርላ መንደር ወደ ከተማ ወተት ይዘው የሚወርዱትን አዴ ሃዎን የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ አዘገያቸው። ወተት የሚያቀርቡለት ሻይ ቤት ሲደርሱ ደንበኛቸው ሥራውን በዱቄት ወተት ጀምሮ ነበር። ተመልሰው ቀፊራ ገበያ አንድ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ወተቱ መኮምጠጥ ይዟል።

የቀድሞ ጎረቤታቸው የኢስታር ልጅ ፋርቱን ያገኘቻቸው እዚያ ነው። ተምራ እርሻ ጽሕፈት ቤት የተቀጠረች ወጣት ናት። እጃቸውን ስማ የሆነውን ጠየቀቻቸው። ስምንት ሴቶች በየቀኑ፣ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ቅል ተሸክመው፣ ያንኑ መንገድ እንደሚወርዱ ነገሯት።

«አዴ ሃዎ፣ አንዷ የሁሉንም በአህያ ጭና በማለዳ ብታደርስ አይሻልም? የዕለቱ ሽያጭ የተረኛዋ ይሁን፤ ነገ የሌላዋ ነው። ሻይ ቤቱ የሚፈልገው የማይቀርበትን ወተት ነው።»

«ልጄ፣ አንዷ ውሃ ብትጨምርበት የሁላችንም ስም ይጠፋል።»

ፍርሃታቸው የሞኝ ፍርሃት አልነበረም፤ በወተት ንግድ ስም ከላም ይበልጣል።

«ለዚህ ነዋ ሁሉም ባለበት በአንድ መስፈሪያ የሚለካው። ጠብታው ጥፍር ላይ ይደረጋል፤ ውሃ የገባበት ይፈስሳል። መተማመን ቢያቅት መተያየት አያቅትም።»

«ይህን ትምህርት ቤት ነው የነገሩሽ?»

«እናቴ ናት የነገረችኝ።»

አዴ ሃዎ አንገታቸውን ደፉ። ከሦስት ዓመት በፊት ኢስታር ይህንኑ ሐሳብ ስታቀርብ፣ «ውሃ ለምትሸጥ ሴት ይመቻል» ብለው በሴቶቹ ፊት ያሳፈሯት እሳቸው ነበሩ። ውሃ ስትጨምር ግን አላዩም። ወሬው ከተማ ደረሰና ደንበኞቿ ሸሿት፤ ሁለቱን ላሞቿን ሸጣ ከተማ ገባች፤ የሰው ልብስ እያጠበች ትኖራለች።

በማግስቱ አዴ ሃዎ ሴቶቹን ሰበሰቡ። አስቀድመው በኢስታር ላይ በሐሰት መናገራቸውን አመኑ፤ ከዚያ ስለ ተራው አስረዱ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ፍሬው ታየ። እያንዳንዷ ከስምንቱ ቀን ሰባቱን ከመንገድ አርፋ ለላሟ መኖ ታጭዳለች፤ የሚኮመጥጥ ወተት ቀረ፤ ሻይ ቤቱም ዱቄቱን ተወ። የአንዷ ንጽሕና የሁሉም እንጀራ መሆኑን ስላወቁ ቅሎቻቸውን ያለ ጎትጓች ያጥቡ ጀመር።

አዴ ሃዎ ተራቸው በደረሰ ቀን አንድ ቅል ወተት ይዘው ኢስታር ዘንድ ሄዱ። ይቅርታ ጠየቋት፤ ወደ ሐርላ እንድትመለስና ዘጠነኛውን ተራ እንድትይዝ ለመኗት።

ኢስታር ሳሙና የነካውን እጇን አብሳ ወተቱን ተቀበለች።

«ይቅር ብያለሁ፣ ሃዎ። ተራ የሚይዝ ግን ላም ያለው ነው» አለቻቸው።