ከበር የተመለሰችው አክስት

በ2018 የመጸው ወራት ነው። ቶኩማ ከሚሠራበት የሚኒያፖሊስ የሥነ ልቦና ሕክምና ክሊኒክ ወጥቶ ፍራንክሊን ጣቢያ ባቡር ሲጠብቅ፣ በተማሪነቱ ሥራ ያለማመዱትን እትዬ አሰፋሽን ድንገት አገኛቸው። እሳቸው በማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ፣ በሶሻል ወርክ፣ የሸበቱ፣ እሱ የሙያ ፈቃዱን ገና ያገኘ ወጣት ነበር።

«ፊትህ ጠቁሯል፤ ደህና አይደለህም እንዴ?»

ቶኩማን ያበሳጨችው ዶሬን የምትባል የኦጂብዌ ተወላጅ ነበረች። ስሟን ግን አልጠራም።

«አንዲት የአገሩ ነባር ሕዝብ ተወላጅ፣ ልጇ ሞቶባት መጣች። ከቀጠሮ መቅረት ስታበዛ ጊዜ ፋይሏን ዛሬ ክሎዝ አደረግሁት። ለሕክምና ዝግጁ አይደለችማ፣ እትዬ! አክስቴ አብራኝ ትግባ ብትል፣ ምስጢር ነውና ውጭ ትጠብቅ አልኩ። ሴጅ የሚሉትን የጸሎት ቅጠል እንደ ዕጣን ላጭስ ብትል ከለከልኩ። ከዚያ ስጠይቃት መሬት መሬት እያየች ዝም! ሁሉንም እኩል ካላስተናገድኩ ምኑን ፍትሕ ሆነ?»

ባቡሩ መጣ። እትዬ አሰፋሽ አልተሳፈሩም።

«አባትህ ያረፉ ጊዜ ሻኮፒ ከተማ ቤታችሁ መጥቼ ነበር። ያን ሁሉ ለቀስተኛ ውጭ አቁሜ፣ እናትህን ለብቻቸው "ዝምታው ይብቃ፣ የሚሰማዎትን ይንገሩኝ" ብላቸው ምን ትለኝ ነበር?»

«ይቅር ይበሉኝና፣ አስወጣዎት ነበር። ግን ያ ለቅሶ ነው፤ ይሄ ሕክምና።»

«ለእሷ ላይለያዩ ይችላሉ። ደግሞ ድሮ የእነሱን ልጆች ለአዳሪ ትምህርት ቤትና ለነጭ አሳዳጊዎች ለመስጠት ከእናት እቅፍ የነጠቁት እንደ እኔና እንደ አንተ ያሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ነበሩ። ዘመዷን ከበር ስትመልስባት ምን የታያት ይመስልሃል? እኔም ወጋቸውን ሁሉ አላውቅም፤ አንዱ ቤተሰብ ከሌላው ይለያል። ስለዚህ እጠይቃለሁ። "በእናንተ ዘንድ ኀዘን እንዴት ይያዛል? ማን አብሮሽ ይሁን?" እላለሁ።»

የዶሬን ዝምታ የልጇን ስም ለመጥራት አቅም የምታሰባስብበት ሊሆን እንደሚችል ለቶኩማ ገና ያኔ ታየው።

በማግስቱ ዶሬን ቤት ደወለ። ስልኩን ያነሱት አክስቷ ነበሩ።

«ወደ ሰሜን፣ ወደ ዘመዶቻችን ሄዳለች።»

«በድያችኋለሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው።»

ሴትዮዋ ሳይመልሱ ቆዩ። ቶኩማ አሁን አላጣደፋቸውም።

«በልጅነቴ ከእናቴ የወሰደችኝም ሴት አነጋገሯ እንዳንተው ለስላሳ ነበር» አሉት በመጨረሻ። «መልእክትህን እነግራታለሁ። እመለሳለሁ የምትል ግን አይመስለኝም።»

ቶኩማ ይህን ይዞ አለቆቹ ዘንድ ገባ፤ ተከራከረ፤ ፈቀዱለት። ደንበኛው የመረጠው ዘመድ አብሮት እንዲገባ ሆነ፤ ሴጅ የሚጨስበት ክፍል ተዘጋጀ፤ የነባሩ ሕዝብ ሽማግሌዎች ክፍያ እየተቀበሉ ሠራተኞቹን መምከር ጀመሩ። አንዴ መጥተው ይቀሩ የነበሩ ሰዎች ተመላለሱ፤ እንቅልፍ ያጡት ተኙ፤ የተኳረፉ ወንድማማቾች አብረው ገብተው አብረው አለቀሱ። ሰውን በወጉ ማክበር ከሕክምናው የሚቀነስ ሳይሆን የሕክምናው መጀመሪያ መሆኑን ክሊኒኩ አየ።

ዶሬን ግን አልተመለሰችም። ትምህርቱ ለሌሎች ደረሰ፤ ዋጋውን የከፈለችው እሷ ነበረች።