ቤንዚኑ ወይስ ሃይብሪዱ

(አዲስ አበባ፣ መኪና መሸጫ ግቢ፣ ዝናብ። መሐንዲሱ ልዑልሰገድና አዋላጅ ነርስ የሆነችው ሚስቱ ትርሲት፣ ከፊትም ከኋላም በሌሎች መኪኖች በታጠረ ባለቤንዚን መኪና ውስጥ ሻጩን ይጠብቃሉ፤ መሪው ጋ የተቀመጠው ልዑልሰገድ ነው።)

ትርሲት፦ ሃይብሪዱን ብዬሃለሁ። ወንበሩም ቀለሙም ያው ነው። ልዩነቱ ግማሹን በባትሪ ስለሚሄድ ማደያ ተሰልፈን አለማደራችን ነው።

ልዑልሰገድ፦ ባትሪው ሲሞትስ? ማን ይጠግነዋል?

ትርሲት፦ እዚሁ ሰፈራችን ጋራዥ አለ። አንተው አይደለህ ያሳየኸኝ?

ልዑልሰገድ፦ እዚህማ አለ።

ትርሲት፦ እና ሌላ የት ልንነዳው ነው?

ልዑልሰገድ፦ መኪና ነዋ፣ ትርሲትዬ። አንድ ቦታ አይገተርም።

ትርሲት፦ ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት። በዓል ሲሆን ቢሾፍቱ፣ እህቴ ጋ። የቱ መንገድ ላይ ነው ጋራዥ የጠፋው?

ልዑልሰገድ፦ ቤንዚኑን ማንም መካኒክ ይፈታዋል። ጎሬ ብትወስጂው እንኳ...

ትርሲት፦ ጎሬ?

ልዑልሰገድ፦ ለምሳሌ ነው።

ትርሲት፦ እናትህ ያሉበትን ከተማ ለምሳሌ አትበለኝ። ቅድም ሻጩን ስለ ኮረኮንች መንገድ ስትጠይቀው ሰምቻለሁ። ምን አስበሃል?

ልዑልሰገድ፦ እማዬ... ባለፈው ሳምንት ድስት ጥዳ ረስታው ወጣች። ጎረቤት ባይደርስ ቤቱ ይነድ ነበር።

ትርሲት፦ በስማም! ለምን አልነገርከኝም? እናምጣቸዋ!

ልዑልሰገድ፦ ሁለቴ አመጣናት። ሁለቴም ያገኘናት አውቶቡስ ተራ ነው፣ ቤቴ ውሰዱኝ እያለች ሾፌር ስትለምን።

ትርሲት፦ ስለዚህ እኛ እንሂድ ነው።

ልዑልሰገድ፦ እዚያም ሆስፒታል አለ። አዋላጅ በጣም ይፈልጋሉ።

ትርሲት፦ ጠይቀሃል ማለት ነው።

ልዑልሰገድ፦ እንዲያው በጨዋታ መሀል...

ትርሲት፦ እኔኮ መስከረም ላይ ትምህርት ልጀምር ነው! ስንት ዓመት ደጅ የጠናሁበትን!

ልዑልሰገድ፦ አውቃለሁ።

ትርሲት፦ ያንተስ መሥሪያ ቤት?

ልዑልሰገድ፦ ዝውውሩን ፈቅደውልኛል።

ትርሲት፦ መቼ?

ልዑልሰገድ፦ ከፋሲካ በፊት።

ትርሲት፦ ከፋሲካ በፊት! ለበዓሉ መጋረጃ ስቀይር መሰላሉን ይዘህልኝ ቆመህ ነበርኮ! ያኔም ታውቅ ነበር?

ልዑልሰገድ፦ ስልክ ሲጮህ እማዬ ናት እያልኩ እደነግጣለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ አንቺ መጽሐፍሽን ዘርግተሽ አገኝሻለሁ። የት ልግባ?

ትርሲት፦ እና መኪና እናማርጥ ብለህ ጭነኸኝ ልትሄድ?

ልዑልሰገድ፦ በቃ፣ ተይው። ሃይብሪዱን እንውሰድ።

ትርሲት፦ ሃይብሪዱ እናትህን ይጠብቅልናል? አሁን ከሰማሁ በኋላ እኔስ መጽሐፍ ገልጬ የማነበው ይገባኛል? ምነው ባልነገርከኝ!

ልዑልሰገድ፦ አሁን አልነገርከኝም ብለሽ ስትቆጪ አልነበር?

ትርሲት፦ ሁለቱንም እቆጣለሁ!

ልዑልሰገድ፦ ሻጩ መጣ። የፊተኛውን መኪና እያነሳልን ነው፤ ሞክሩት እያለ ነው።

ትርሲት፦ እሺ። ውረድና በዚህ በኩል ዙር።

ልዑልሰገድ፦ ለምን?

ትርሲት፦ የምነዳው እኔ ነኝ።

ልዑልሰገድ፦ መንጃ ፈቃድ ሳይኖርሽ?

ትርሲት፦ ካወጣሁ ሰነበትኩ። ቤታችን ውስጥ ሳይናገር ነገር የሚያደርገው አንተ ብቻ መሰለህ?