የመምህሩ አግዳሚ

በመስከረም መገባደጃ አንድ ከሰዓት፣ በደብረ ወርቅ የቅኔ መምህር የሆኑት የኔታ ወልደ ሩፋኤል ከጉባኤ ቤታቸው ደጃፍ ያለውን የዋንዛ አግዳሚ ወንበር ላስቲክ ሊያለብሱ ሲታገሉ ዝናቡ ቀደማቸው። በመንገዱ የምታልፍ አንዲት ወጣት ሮጣ መጥታ የላስቲኩን ሌላ ጫፍ ያዘችላቸው፤ ሸፍነውም ሲያበቁ ሁለቱም ከጣራው ክፈፍ ሥር ተጠለሉ። ወጣቷ ትንቢት ትባላለች። በደብረ ማርቆስ የእንጨት ሥራ አሠልጣኝ ናት፤ የመጣችውም አክስቷን ልትጠይቅ ነበር።

«የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ላስቲኩ ራሱ ይጎዳዋል» አለቻቸው። «እርጥበቱን አፍኖ ይይዝበታል።»

የኔታ ወደ አግዳሚው ዞሩ። በዚያ አግዳሚ ላይ መምህራቸው ወልደ ሚካኤል አርባ ዓመት ተቀምጠው የተማሪ ቅኔ ሰምተዋል። ቀኝ እጃቸውን ያሳርፉበት የነበረው ጠርዝ በጊዜ ብዛት ሰርጎድ ብሎ ቀርቷል። አሁን እንጨቱ አመድ መስሎ መሰንጠቅ ጀምሯል፤ ተማሪዎቹም በብረት እናሠራልዎ እያሉ ነው። የኔታ ይህን ሁሉ ቀስ ብለው አጫወቷት።

ትንቢትም መልኩን የማይሸፍን፣ ጥርት ያለ ቅብ ቢቀባ እንደሚሻል ነገረቻቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ከሦስት ዓመት በፊት የጎጆአቸውን በር ቫርኒሽ አስቀብተው ነበር፤ አንድ ክረምት እንደ መስተዋት አብረቀረቀ፣ በሁለተኛው እንደ ሽንኩርት ተላጠ።

«ቅብ ለእኔ ጭምብል ነው፣ ልጄ» አሉ። «የመምህሬ እጅ ያረፈበትን ሊሸፍንብኝ ነው?»

ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም፤ የተናገሩት በዓይናቸው ያዩትን ነው። ትንቢትም ይህን ስለተረዳች አልተከራከረቻቸውም፤ ምክንያቱን ማስረዳት መረጠች።

«ያ ቫርኒሽ ለቤት ውስጥ የተሠራ ነው፣ የኔታ። ከላይ ደርቆ ቆዳ ይሆናል። እንጨቱ ግን ደጅ ሲውል ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ ቆዳው አብሮት መሄድ ሲያቅተው ይሰነጠቅና ውኃ ከሥሩ ይገባል። እኔ የምልዎት ወደ ውስጥ የሚሰርግ ዘይት ነው። አይላጥም፤ የሚላጥ ቆዳ የለውማ።»

የኔታ አንድ ሹፌር የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንደመከራቸው አነሱ፤ ያጠቁረዋል፣ የተቀመጠበትንም ልብስ ያበላሻል አለች። የተልባ ዘይትስ አሉ፤ ብቻውን ደጅ ሲውል እንደሚሻግትና ፀሐይን እንደማይከላከል ነገረቻቸው።

«ጠላቱ ዝናብ መስሎኝ?»

«አመድ ያስመሰለው ፀሐይ ነው፣ የኔታ። ስለዚህ ፍጹም እንደ ውኃ የጠራውን አንመርጥም። ለደጅ የተሠራ፣ ፀሐይ የሚመክት፣ ጥቂት ወርቃማነት ያለው ይሻላል። ከፈቀዱልኝ መጀመሪያ ከሥሩ፣ ማንም ከማያየው ቦታ እንሞክረው። ካልወደዱት እዚያው ይቅር።»

የኔታ በዚህ ተስማሙ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ እንጨቱ ሁለት ሳምንት ጥሩ ፀሐይ ካገኘ በኋላ፣ ትንቢት ተመልሳ መጣች። አግዳሚውን ገለበጡት። አንድ ስንዝር ያህል በብርጭቆ ወረቀት ፋቀች፣ ዘይቱን በስሱ ቀባች፣ ትርፉን በጨርቅ አበሰች። ግራጫው ተገፎ የማር መልክ ብቅ አለ፤ የእንጨቱም መስመሮች አንድ በአንድ ታዩ።

የኔታ በጉልበታቸው ተንበርክከው ቀረብ ብለው አዩት። «በአሥራ ሁለት ዓመቴ ከደምበጫ መጥቼ መምህሬ ፊት ስቆም እንዲህ ነበር» አሉ። «ይህን መልክ ረስቼው ኖሯል።»

በሦስተኛው ቀን፣ ሙከራው ደርቆ የኔታም ስለወደዱት፣ ትንቢት የቀረውን ቀባች፤ ሰርጎድ ያለውን ጠርዝ ሳትፍቅ ዘይቱን በጨርቅ ብቻ አሳለፈችበት። በዘይት የራሱትን ጨርቆችም ተጠቅልለው ቢቀመጡ ግለው እሳት ሊያስነሱ እንደሚችሉ ነግራ፣ ዘርግታ አደረቀቻቸው።

በዓመቱ ቄስ ገዳሙ የሚባሉ የአጎራባች ደብር አስተዳዳሪ የቤተ ክርስቲያናቸውን የእንጨት በር በብረት ሊለውጡ አስበው የኔታን ሊያማክሩ መጡ። የኔታም ሳይቸኩሉ ሁሉንም አስረዷቸው።

«እርስዎ ቅብ አይጠሉም ነበር?» አሉ ቄስ ገዳሙ።

«የጠላሁት የማላውቀውን ነበር። ለደጅ የተሠራውን ዘይት ምረጡ፤ እንጨቱ ሲደርቅ፣ በስሱ ቀቡት፤ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ድገሙለት። ውኃ አይዘልቀውም፣ ፀሐይ አያነድደውም፣ ብረትም አያስገዛችሁም። ያን በር የአባቶቻችሁ እጅ ሲገፋው ኖሯል፤ የልጆቻችሁም እጅ ይግፋው።»