መስመሩ እስከ የት ነው?

(ወልድያ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽ፤ ከትምህርት መምሪያ እንግዶች ሊመጡ ሃያ ደቂቃ ሲቀር፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ሽመልስና የፊዚክስ መምህርቷ እታፈራሁ ወለሉ ላይ በጥቁር ፕላስተር የተሰመረ መስመር መከተል ባቃታት አንዲት ትንሽ ሮቦት ዙሪያ ይነታረካሉ።)

ሽመልስ፦ ሰበብ አልጠየቅኩሽም። ለምንድን ነው መስመሩን እየለቀቀች ግድግዳ የምትገጨው?

እታፈራሁ፦ ከቁም ሳጥኔ ሲያወጧት ጠይቀውኝ ቢሆን እነግርዎት ነበር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

ሽመልስ፦ ቁም ሳጥኑ የትምህርት ቤቱ ነው።

እታፈራሁ፦ ሮቦቷ ግን የሳይንስ ክበባችን ናት። ከተማሪዎቼ ጋር ሁለት ክረምት ለፍተንባታል።

ሽመልስ፦ ክበብ የሚባል ነገር የለም። ተዘግቷል።

እታፈራሁ፦ የዘጉት እርስዎ ነዎት። ቤተ ሙከራችንን ቆልፈው የተሰባበረ ዴስክ አጨቁበት። ልጆቹ ፕሮግራሙን የጨረሱት ኮሪደር ላይ ተንበርክከው ነው።

ሽመልስ፦ ዕቃ ማስቀመጫ ጠፍቶ ነዋ።

እታፈራሁ፦ ሪፖርትዎ ግን «ክበቡ በምክትል ርዕሰ መምህሩ የቅርብ ክትትል ተጠናክሮ ቀጥሏል» ይላል።

ሽመልስ፦ ሪፖርቱን ማን አሳየሽ?

እታፈራሁ፦ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፉት እርስዎ!

ሽመልስ፦ እንግዶቹም የሚመጡት እሱን አንብበው ነው። ዛሬ ካዋረድሽኝ የዝውውር ደብዳቤሽን ራሴ ነው የምጽፈው።

እታፈራሁ፦ ይጻፉት። ደብዳቤ ሮቦት አይነዳም።

ሽመልስ፦ ተይው እሺ። ምን ሆና ነው?

እታፈራሁ፦ ምንም አልሆነችም። ሆዷ ሥር ሁለት ዓይኖች አሏት፤ ከወለሉ የሚመለሰውን ብርሃን ይለካሉ። ሲያንስ ጥቁር፣ ሲበዛ ነጭ ይሏታል። ወሰኑን በቁጥር የሰጠናት ጥላ ውስጥ ለክተን ነው። እዚህ ግን ፀሐዩ ፕላስተሩን ያብለጨልጨዋል፤ ጥቁሩን ነጭ እየመሰላት ትስታለች።

ሽመልስ፦ ቁጥሩን ቀይሪዋ።

እታፈራሁ፦ ደመና በመጣና በሄደ ቁጥር?

ሽመልስ፦ መጋረጃ ይጋረድ።

እታፈራሁ፦ የአዳራሹ መጋረጃ አምና ቢሮዎ ገብቶ ቀርቷል።

ሽመልስ፦ ታዲያ ምን ይሻላል ትያለሽ?

እታፈራሁ፦ የሚሻለውን አውቃለሁ። መጀመሪያ ቤተ ሙከራችንን ይመልሱልን።

ሽመልስ፦ በሰው ጭንቅ ትደራደሪያለሽ? ይመለሳል። እንግዶቹ ይሂዱልኝ እንጂ ነገውኑ።

እታፈራሁ፦ ይጻፉልኛ።

ሽመልስ፦ ቃሌ አይበቃሽም?

እታፈራሁ፦ አምና «ለሁለት ሳምንት ብቻ» ሲሉኝ ቁልፉን ያስረከብኩት በቃልዎ ነው።

ሽመልስ፦ አልጽፍም። ያሰብሽውን አድርጊ፤ ብቻ ትሂድልኝ።

እታፈራሁ፦ ያሰብኩትን?

ሽመልስ፦ አዎ አልኩሽ። ሰዓቱ እያለቀ ነው።

እታፈራሁ፦ እንግዲያው ያንን ፕላስተር ያቀብሉኝ። መስመሩን ከፀሐዩ አውጥቼ፣ በበሩ በኩል በኮሪደሩ እወስደዋለሁ። እዚያ ጥላ ስለሆነ አትስትም።

ሽመልስ፦ ይኸው ያዢ። እኔ በር ላይ እንግዶቹን ልቀበል።

እታፈራሁ፦ ይቀበሉ። ይዘዋቸው ሲመለሱ አስምሬ፣ እሷንም መነሻዋ ላይ አስቀምጬ ያገኙኛል።

ሽመልስ፦ ገብተዋል፣ ከኋላዬ ናቸው። እስከ መጨረሻው እየተከተሉ እንዲያዩ ነግሬያቸዋለሁ። ጨረስሽ?

እታፈራሁ፦ ጨርሻለሁ። ጀርባዋ ላይ ያለችውን ቁልፍ ይጫኑ።

ሽመልስ፦ ሄደች። በሩንም ወጣች። አየሽ፣ ያለ ወረቀትም ይሠራል። በይ አንቺ ወደ ክፍልሽ ሂጂ፤ የቤተ ሙከራውን ጉዳይ ወደፊት እናየዋለን።

እታፈራሁ፦ «ነገውኑ» የተባለው በአንድ አፍታ «ወደፊት» ሆነ?

ሽመልስ፦ ሆነ። ምን ታመጪያለሽ?

እታፈራሁ፦ ምንም። እንግዶቹ ቀድመውዎታል፤ ይድረሱባቸው።

ሽመልስ፦ ቆይ፣ እስከ የት ነው ያሰመርሽው? በግራ በኩል ታጠፉ እኮ።

እታፈራሁ፦ እስከ ቤተ ሙከራው በር።

ሽመልስ፦ አቁሚያት። ሮጠሽ አንሺያት።

እታፈራሁ፦ እሷማ ቆማለች። እንግዶቹም የተቆለፈው በር ፊት ቆመው ወደዚህ እያዩ ነው። ቁልፉ እርስዎ ኪስ ውስጥ ነው፣ አቶ ሽመልስ፤ አያስጠብቋቸው።