ባልኮን ላይ የተሰጣው ለምድ

የፍራንክፈርት ሰማይ ሰሞኑን እንደ ድስት ክዳን ተደፍቶ ነበር፤ ጠብ የሚል ነገር ግን የለም። በዚህ ከተማ ዝናቡም ቴርሚን፣ ቀጠሮ መሆኑ ነው፣ ሳይዝ አይመጣም ይባላል። እንዲህ ባለ ጠዋት ነው ጋሽ ሰይፈ ገብርኤል ውሃ የሚያንጠባጥብ የበግ ለምድ ታቅፈው ፕሮይንገስሃይም ሰፈር ካለው ሕንጻቸው ሊፍት ሲገቡ፣ ከላይ ፎቅ ከምትወርደው ከሰገን ጋር የተገጣጠሙት። ሰገን ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያን የምትንከባከብ ልጅ ናት፤ ከቤተ ክርስቲያን ይተዋወቃሉ።

«ጋሼ! በግ አረዱ እንዴ? የሕንጻው ጠባቂ፣ ሃውስማይስተሩ፣ ከሰማ ወዮልዎት!»

«ከበግ ይበልጣል ልጄ። የተቆረጠ መልስ ነው።»

ከሊፍቱ ወርደው ደጅ አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ ለምዱን ጨመቁት። ከዚያ ለምድ የወጣው ውሃ የማይንን ወንዝ አንድ ክንድ ከፍ አደረገው የሚሉ አሉ፤ ግማሹን ማመን ይበቃል።

«እግሬን ስኳሩ እንደበላው ታውቂያለሽ» አሉ። «ሐኪሙ፣ ሰሞኑን ብዙ ዘግይተሃል፣ እስከ ዛሬ ሆስፒታል ገብተህ ጣቶቹ ካልተቆረጡ እግርህን ታጣለህ ብሎኛል። እኔም እንደ ጌዴዎን ለምዱን ባልኮን ላይ ዘረጋሁና፣ ‹ጌታ ሆይ፣ ለምዱ ረጥቦ ወለሉ ደርቆ ካደረ አትሂድ ማለትህ ነው› ብዬ ተኛሁ። ይኸውልሽ! ዝናብ የለ፣ ጤዛ የለ!»

ሰገን ሳቋ መጣ፤ የቁስሉ ሽታ አፍንጫዋን ሲመታው ግን ሳቁን ትታ ወደ እግራቸው ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ከእርስዎ በላይ ያሉትን ጀርመናዊት አሮጊት የምጠብቃቸው እኔ ነኝ። አበቦቻቸውን በማለዳ የማጠጣውም እኔው ነኝ። ዛሬ ደግሞ እጄ በዛ፤ ውሃው ቁልቁል ለምድዎ ላይ ወርዷል።»

 ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ይነሣ ነበር፤ እሳቸው ግን ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ።

«ታዲያ እጅሽን ማን አበዛው? እሱ አይደል? እግዚአብሔር ነዋ በአንቺ እጅ ያጠጣው!»

«በእጄ ካጠጣ በአፌስ አይናገርም? ይሂዱ ብሏል በሉኛ!»

«አፍሽ እንኳ ሌላ ጊዜም ሥራ ፈትቶ አያውቅም!» አሉና ፈገግ ሊሉ ሲሉ እግራቸው ወጋቸው።

ምልክት የሚለምን ሰው ክፋቱ ይህ ነው፤ ረጠበም ደረቀም የፈለገውን ያነብበታል። ሰገንም ይህን ስለተረዳች ለምዱን ትታ ሰውየውን ያዘች።

«ጋሼ፣ ስንት ዘመን ትራም ነድተዋል። ሲግናሉ የጠፋ ዕለት ምን ያደርጉ ነበር?»

«እቆማለኋ። ያለ ሲግናል ንቅንቅ የለም።»

«እስከ መቼ? እስከ ትንሣኤ?»

«አይ፣ ከማዕከል በሬዲዮ እለፍ ይሉኛል። ፍሬኑን ይዤ፣ ፊት ፊቴን እያየሁ ቀስ ብዬ አልፋለሁ።»

«መብራቱ ሳይበራ? በቃል ብቻ?»

«ድምፁን አውቀዋለኋ!»

«የእግዚአብሔርን ድምፅ አያውቁትም? ‹አልተውህም› ያለውን ስንት ጊዜ አንብበውልናል! እሱ እያለ፣ በበግ ቆዳ ይማልልኝ ይላሉ?»

ጋሽ ሰይፈ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ የተናገሩት ስለ ጌዴዎን አልነበረም።

«ባለቤቴ የኔነሽ ስትታመም ርግብ መስኮታችን ላይ አረፈች። ትድናለሽ፣ ምልክት መጥቷል አልኳት። አምናኝ፣ እየሳቀች ሆስፒታል ገባች። በሬሳ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ያንን የሆስፒታል በር ሳየው ዞሬ እመለሳለሁ።»

ሰገን እጃቸውን ያዘች። «ርግቧ ፍርፋሪ ፈልጋ ይሆናል ጋሼ። ሠለስቱ ደቂቅ እኮ ‹ያድነናል› ብቻ አላሉም፤ ‹ባያድነንም› ብለዋል። እሳቱ ፊት ቆመው። እኔ ይድናሉ አልልዎትም። ግን አብሬዎት እሄዳለሁ።»

«ይድናሉ ብትዪኝ ኖሮ አልሄድም ነበር» አሉ ጋሽ ሰይፈ። ተነሡ፤ ለምዱን እዚያው ጥለውት እያነከሱ ወደ ትራሙ አመሩ።

ጣት ብቻ ተቆርጦ አላበቃም፤ ግማሽ እግራቸው ሄደ። ሐኪሙ፣ ሰሞኑን ባይዘገዩ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተቆረጠ፣ ዛሬም ቢቀሩ ኖሮ ነፍስዎም ባልተረፈ አላቸው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል። እምነት አስቀድሞ መጨረሻውን ማየት አይደለም። እምነት ያለው ሰው ፈርቶም ቢሆን በቀኑ ይታከማል፣ ለወዳጁ በማያውቀው ነገር ተስፋ አይሰጥም፣ ሞት ቢመጣም አምላኬ ዋሸኝ አይልም። ምልክት ጠባቂ ግን ጸሎቱ ሙግት፣ እንቅልፉ የምልክት ቆጠራ፣ ቁስሉም ሽቅብ የሚወጣ ነው።

ጋሽ ሰይፈ ገና ተኝተው ሳለ አጠገባቸው ያለው አልጋ ላይ ተስፋጋብር የሚባል ኤርትራዊ ገባ። የቀዶ ሕክምና ተራው ደርሶ አልጋውን ሲገፉት የጋሽ ሰይፈን እጅ ለቀም አደረገ።

«አቦይ፣ ሰው ሕልም ያያል። ስለ እኔ ያዩት የለም? በሰላም እወጣለሁ?»

ጋሽ ሰይፈ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ደግ ውሸት አፋቸው ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጡት።

«ምንም አላየሁም ልጄ። አቡነ ዘበሰማያት እንበልና ግባ። እስክትመለስ አልተኛም።»