የተካፈሉት ኪኒን

ከቴፒ ወደ ሚዛን በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ እጃቸው ያለማቋረጥ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ከሚስታቸው ጋር ከፊቴ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ያለው መንገደኛ ጠየቀ፤

«አባባ፣ ወባ ነው?»

«ምን ወባ!» አሉ ሚስትየዋ። «በሽታው ራሱ መንቀጥቀጥ ነው። አምና ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጡ ሐኪሞች ለጥናት ብለው ኪኒን ሰጥተውት ነበር።»

«አልተሻላቸውም?»

«መጀመሪያማ ተሽሎት ቡና መልቀም ጀምሮ ነበር። ኋላ ግማሹን ለጎረቤታችን ይሰጥ ጀመር።»

«ለምን?»

ሽማግሌው ራሳቸው መለሱ፤

«እሱም እንደኔ ይንቀጠቀጣል። ለጥናቱ አርጅተሃል ብለው መለሱት። ታዲያ ጎረቤቴ እያየኝ ብቻዬን ልዋጥ?»

«ለሐኪሞቹ አልነገሯቸውም?»

«ይከለክሉኛል ብዬ ዝም አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መንቀጥቀጡ ተመለሰ። እጄን አይተው ‹ይኼ መድኃኒት ለዚህ በሽታ አይሆንም› አሉና የቀረውን ኪኒን ጭነው ሄዱ።»

«ጎረቤትዎስ?»

ሚስትየዋ ቀደሟቸው፤

«አሁን ሁለቱንም የማጎርሳቸው እኔ ነኝ።»

እኔም የላጥኩትን ሙዝ እንደያዝኩ፣ ለወጉ ያህል ብቻ «እንብላ» ማለት አቃተኝ።