«የለም» አይልም

ባለፈው ቅዳሜ ከዳባት ወደ ደባርቅ ስመለስ፣ ታክሲው ውስጥ ከፊቴ አንድ ገበሬ ሽማግሌና የኮምፒውተር ፕሮግራም የምትጽፍ ልጃቸው ተቀምጠው ነበር።

«እና ኮምፒውተሩ ቀበሌያችን ገብስ የለውም አለ?»

«አዎ አባዬ። የምርታችሁ ቁጥር ገና አልደረሰንም ነበር። የድሮው ፕሮግራም ያልደረሰውን ሁሉ ዜሮ ብሎ ያነበዋል። ገብስ ከሌለ ደግሞ የምሠራበት የገበሬዎች ማኅበር የጭነት መኪና አይልክም።»

«ጎተራዬ ሞልቶ!»

ሾፌሩ ሳቀ። «አባቴ፣ ኮምፒውተር አይዋሽም ይባላል እኮ።»

«አይዋሽም፤ ሳያይ ይመሰክራል እንጂ!»

«አሁን አስተካከልሁት» አለች ልጅቷ። «ያልደረሰውን ‹ኑል› ይለዋል።»

«ኑል ደግሞ ምንድን ነው?»

«ባዶ ማለት...»

«ባዶማ አትበይኝ!»

«እሺ፣ ጎተራው ገና አልታየም ማለት ነው። ‹የለም› አይልም፤ ‹አላውቅም› ይላል። የማኅበሩ ሰዎች እሱን አይተው ቀበሌውን ጠየቁ፤ መኪናው ሰኞ ይመጣል።»

ሽማግሌው ወደ እኛ ዞሩ። «ሰማችሁ? ለኮምፒውተር ‹አላውቅም› ማለትን ያስተማረችው የእኔ ልጅ ናት!»

«እርስዎንስ መቼ ታስተምርዎታለች?» አለ ሾፌሩ፤ ታክሲው በሳቅ ተሞላ፣ ከሁሉም በላይ የሳቁት እሳቸው ነበሩ።

ባሌ ከተቀበረ ወዲህ «በሰማይ አለ» ብሎ ላጽናናኝ ሁሉ «የለም» ስል የከረምሁት እኔ፣ እስከ ደባርቅ ድረስ ያችን «አላውቅም» የምትል ቃል በአፌ ውስጥ እያገላበጥሁ ሄድሁ።